ከጭልፋው በታች

በውርጭ አምባ ከተማ የታች ሰፈር ሰው ሰኞ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው ሰማዩን አይደለም፤ ችካሉን ነው። ችካሉ ቢጫ ነው፣ ቁመቱ ከጉልበት አይበልጥም፣ አናቱ ላይ የከተማው ማኅተም ታትሞበታል። ችካሉ የት እንደ ደረሰ ሳያይ ፊቱን የሚታጠብ ሰው የለም። ችካሉ ግቢ ከገባ መታጠቢያውም የሰውየው መሆኑ ያበቃልና።

አቶ ወንድይፍራው በዚያ ሰኞ ሲወጡ ችካሉ ከጓዳቸው ግድግዳ ውጭ፣ ሊነካው አንድ ጣት ሲቀረው ቆሞ ነበር። ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነው የከረመው። እንደ ልማዳቸው በጫማቸው ጫፍ ነካ አድርገው «እንዴት አደርክ» አሉት። አልመለሰላቸውም። ግን አልተነቃነቀምም፣ ለእሳቸው ይህ ይበቃቸው ነበር።

ነገሩ የተጀመረው እያንዳንዱ ከተማ መለያ ምልክት ይኑረው የተባለ ጊዜ ነው። አንዱ ከተማ ባለ አሥር ፎቅ ሽንኩርት አቆመ። ሌላው ሐይቁ መሐል የሚሽከረከር ዘውድ ተከለ። ውርጭ አምባ ከውርጭ በቀር የምትታወቅበት ነገር ስላልነበራት የበረዶ ሸርተቴ መዝለያ ማማ ደረሳት። በረዶ ጥሎባት አያውቅም። ይህ ጉድለት በስብሰባው ላይ ተነስቶ ነበር፤ «በሂደት የሚታይ» ተብሎ ታለፈ።

ማማው ከኮረብታው ጫፍ ሽቅብ ወጥቶ አናቱ ላይ እንደ ጎድጓዳ ሳህን የተከፈተ አዳራሽ ይዟል። ከአዳራሹ ረጅም መንደርደሪያ ይወጣና እየጎበጠ ይወርዳል፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀና ብሎ ያበቃል። ከዚያ በታች ያለው አየር ነው፣ ከአየሩ በታች አረንጓዴ የፕላስቲክ ምንጣፍ የለበሰ ቁልቁለት አለ። ዘላዮች የሚያርፉት እዚያ ላይ ነው። የከተማው መጽሔት ማማውን «ለዓለም የተዘረጋች የእንግዳ ተቀባይ እጅ» ይለዋል። የታች ሰፈር ሰው ግን ገና ሲሚንቶው ሳይደርቅ ጭልፋው ብሎታል።

ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣም። ከማረፊያው በታች ባዶ መሬት መኖር አለበት፤ ዘላይ አርፎ የሚቆመው እዚያ ነው። የባዶው መሬት ልክ የሚወሰነው እስከ ዛሬ በተዘለለው ሩቅ ዝላይ ነው። አንድ ሰው ከቀድሞው አሻግሮ ከዘለለ ባዶው መሬት በዚያው መጠን ወደ ታች ይገፋል፣ ቢጫው ችካል ይነቀልና ወደፊት ይተከላል። ችካሉ የነካው ቤት ይነሳል። ማማውን የነደፈችው አርክቴክት መክሊት ይህን «ሕያው ንድፍ» ትለዋለች፤ ሕንፃ ባለበት ቆሞ አይቀርም፣ ከሰው ስኬት ጋር ያድጋል ባይ ነች። እውነትም አደገ። መጀመሪያ ወፍጮ ቤቱን፣ ቀጥሎ ጤና ጣቢያውን፣ ከዚያ የልብስ ሰፊውን የአቶ መንበሩን ወጥ ቤት ከነአጥሩ ጨለፈ። በታች ሰፈር «እነ እገሌ ተጨለፉ» ማለት የተለመደ ወሬ ሆነ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

የተጨለፈ ሰው ጀርባ ይሰጠዋል። ጀርባ ከኮረብታው ማዶ ያለው አዲሱ መንደር ነው፤ ቤት የሚታደለው በዕጣ ስለሆነ ጎረቤት ከጎረቤቱ አይገጥምም። ከዚያ ማማው አይታይም። ማንኛውም ነዋሪ ከመስኮቱ የከተማውን ምልክት የማየት መብት አለው ስለሚባል ግን በየቤቱ መስኮት ፋንታ የጭልፋው ሥዕል ተገጥሟል። ሲመሽ ሥዕሉም ይመሻል። ዝናብ ሲጥል ግን አይዘንብበትም፣ ይህም በሂደት የሚታይ ነው።

ሰው ሁሉን ይለምዳል፣ የታች ሰፈርም ለመደ። ምንጣፉ እንዲያዳልጥ በየማለዳው ውሃ ይረጫል። የቧንቧ ውሃ አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚመጣ እናቶች ከማረፊያው ሥር ጀሪካን ደርድረው የምንጣፉን ፍሳሽ ይቀዳሉ። ሰዓት የሚታወቀው በጭልፋው ጥላ ነው፤ ጥላው የድሮው ወፍጮ ቤት ባዶ ቦታ ሲደርስ ምሳ ይቀርባል። ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ ከፊደል በፊት አስተራረፍ ይማራሉ፣ አንድ እግር ከፊት አንድ እግር ከኋላ። አንዳንዱ ለምዶበት አዋቂ ሲሆንም እንደዚያው ቆሞ ነው ሰላም የሚለው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በረዶ መሆን ነው። በውድድር ቀን የየቀጠናው ሰው በተራው ነጭ ለብሶ በማረፊያው ግራና ቀኝ ይቀመጣል። ከላይ ለሚቀርጸው ካሜራ በረዶ ይመስላል። ጋቢም ነጠላም ይሆናል፤ ጥለት ያለው ግን ጥለቱን ወደ ውስጥ ማጠፍ አለበት። በረዶ አያወራም፣ አያጨበጭብም፣ አይነሳም። ጉንፋን የያዘው ሰው ፈቃድ ይሰጠዋል፣ በረዶ አያስልምና። «እሁድ ለቅሶ እንድረስ?» ሲባል «እሁድ በረዶ ነኝ» ብሎ መመለስ በውርጭ አምባ ነውር አይደለም።

የአቶ ወንድይፍራው ችግር እንግዲህ ይህ አልነበረም፤ ይህን ችለውት ነበር። ችግራቸው ልጃቸው ናት።

ርኆቦት ትባላለች፣ አንድ ናት። እኩዮቿ ትምህርት ቤት ማረፍ ሲማሩ እሷ መብረር ተማረች። ዘንድሮ ከተማው ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴ ዘላይ ብሎ አሰለፋት። እስከዚያ ድረስ ስምንት ዓመት ሙሉ የሚዘሉት በግብዣ የሚመጡ የውጭ እንግዶች ነበሩ። መጥተው ይዘላሉ፣ አዳራሹ ውስጥ ክትፎ ይበላሉ፣ ሰኞ ችካሉ ተነቅሎ ይተከላል። የሩቁ ዘላይ ስም ማማው ሥር ባለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ይቀረጻል። አምና የመጣው ጸጉረ ቀይ ሰውዬ ስም እስካሁን እዚያ አለ።

ርኆቦት ልምምድ ላይ ያንን ሰውዬ ማለፍ ከጀመረች ሰንብታለች። የልምምድ ዝላይ አይለካም። አቶ ወንድይፍራው ግን አንድ ጠዋት ፍሳሽ ሲቀዱ ጥላዋ ከራሳቸው በላይ አልፎ ሄደ፣ ያረፈችበትን አይተው ጀሪካኑን ከእጃቸው ጣሉ። መለኪያ አላስፈለጋቸውም። እሁድ እንደዚያ ከዘለለች ችካሉ ከግድግዳው ወዲያ፣ ከጓዳቸው መሐል፣ ከአልጋቸው ሥር ነው የሚቆመው።

ቤቱ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበር። አቶ ወንድይፍራው የታች ሰፈር ዕድር ዳኛ ናቸው፣ የዕድሩ ዕቃ ቤትም ግቢያቸው ውስጥ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ድስቶቹ፣ ለሞት የሚነፋው ጡሩምባ፣ ሁሉም እዚያ ነው ያለው። ቤት የሌለው ዕድር ዕቃውን የት ያኖራል? ጀርባ ደግሞ ዕድር የለም። እዚያ ሰው ሲሞት ስልክ ላይ መልእክት ይደርሳል፣ የደረሰው ሰው ቢመቸው ይመጣል።

ዕድሩ ተሰበሰበና አንድ ነገር ወሰነ፤ ርኆቦት እንድታሳጥር ሽማግሌ ይላክ።

«ወደ ማን?» አለ አንዱ።

«ወደ ልጅቷ አባት ነዋ» አሉ አቶ መንበሩ።

ሰው ሁሉ ዞሮ ዳኛውን አየ። አቶ ወንድይፍራው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ተገቢ ነው» አሉ። በዕድሩ ደንብ ሽማግሌ የሚመራው ዳኛው ነው። ምክትል ያዙልኝ ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም፤ ሰውየው ደንብ አክባሪ ናቸው፣ ትንሽም ግትር ናቸው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከቤታቸው ወጡ። አቶ መንበሩንና የታችኛውን ጎረቤታቸውን ሐጂ ይማምን ከመንገድ አግኝተው ሦስቱ ተሰልፈው ተመለሱና የራሳቸውን በር አንኳኩ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ከፈቱ። ባላቸውን ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው።

«ቤቶች እንደምን ዋላችሁ» አሉ አቶ ወንድይፍራው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንግዶቹ ከወዴት ናችሁ?»

«ከዚሁ ከአካባቢው ነን።»

«ግቡ እንግዲህ።»

ገቡ። ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ አሉ፣ ጉዳይ ያለው ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም። አቶ ወንድይፍራው ከመሐል ቆመው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ አብሮነት፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ድስቶቹ ተናገሩ። ልጅቱ የሁላችን ልጅ ናት አሉ፤ ክንፏ ይለምልም፣ ግን ትንሽ ታሳጥርልን አሉ። ጥሩ ተናገሩ። አቶ መንበሩ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ አበሱ።

«ደግ ብላችኋል» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «እንግዲህ መልሱ የእኔ አይደለም፤ የአባቷ ነው።»

አቶ ወንድይፍራው ከሁለቱ ሽማግሌዎች መካከል ወጡና ጠረጴዛውን ዞረው ከባለቤታቸው ጎን ተቀመጡ። እግራቸውን ዘረጉ። ከፊታቸው የቆሙትን ሁለት ሰዎች፣ ከመካከላቸውም የራሳቸውን ባዶ ቦታ፣ ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ሰምተናል» አሉ። «አክብራችሁ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። ነገሩ ከባድ ነው። ከቤተሰብ ጋር እንምከርበትና ቅዳሜ ብትመለሱ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሽማግሌ እሺ አይባልም፤ እሺ ከተባለ ልጅቱ ረከሰች ማለት ነው። ሦስቱም ተመራርቀው ወጡ። ደጅ ሲደርሱ ሐጂ ይማም የዝንብ ጭራቸውን እያወናጨፉ «አባትየው ጠንካራ ሰው ናቸው» አሉ።

«ድሮም ነው» አሉ አቶ ወንድይፍራው።

ቅዳሜ ጠዋት ሲመለሱ ርኆቦት ራሷ ነበረች። ፀጉሯን ጠቅልላ አስራለች፣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ፋሻ አለ። እንደ ልጅ አንገቷን ደፍታ አዳመጠቻቸው።

«በሞቴ ልጄ» አሉ አቶ መንበሩ፣ ጉርሻ እንደሚያቀርብ ሰው ጎንበስ ብለው፣ «ትንሽ ብቻ ቀንሺ።»

«ጋሼ መንበሩ፣ አየር ላይ ትንሽ የሚባል ነገር የለም» አለች። «ነፋሱ ከያዘኝ ይዞኛል። ላሳጥር ብዬ ከታጠፍኩ ይጥለኛል።»

«እንግዲያው ቅሪ» አሉ ሐጂ ይማም። «ራሴን አመመኝ በይ።»

«እቀር ነበር።» ቀና አለች። «ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እዚያ ድንጋይ ላይ የተጻፈውን ስም ማንበብ የሚችል ከመካከላችሁ አለ?»

ፊደሉ የሌላ አገር ፊደል ነው።

«የጋሼ መንበሩን ወጥ ቤት ያስፈረሰው ሰው ማን እንደሚባል እንኳን አናውቅም። እኔ የምፈልገው እናቴ ቆማ የምታነበው ስም እዚያ ላይ እንዲኖር ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

የአቶ ወንድይፍራው ልብ ቅቤ ጠጣ። ወዲያው ደግሞ የዕድሩ ዳኛ መሆናቸው ትዝ አላቸውና አፈሩ። ከየትኛው ወገን ሆነው እንደሚመልሱ ስላላወቁ ቤተሰቡንም ሽማግሌውንም ወክለው «እሺ፣ ሰምተናል» ብቻ አሉ።

ከዚያ የተሠራው ነገር የአቶ መንበሩ ሐሳብ ነው፤ ያቀኑት ግን ዳኛው ናቸው። ዝላይ የሚለካው ኢንጂነር ጌታመሳይ የሰፈሩ አማች ነው፣ የዕድሩ አባል ነው፣ አምና የሚስቱ እናት ሲያርፉ ድንኳን ተተክሎለታል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ማማው ሥር ካለው ቢሮው ሄደው ከፊቱ ቆሙና የርኆቦትን ዝላይ አሳጥሮ እንዲለካ ለመኑት።

«ጋሼ፣ አይሆንም» አለ ኢንጂነሩ። «ሕጉ በሁለቱ እግሮች መካከል ይለካ ነው የሚለው።»

«ልጄ» አሉ ሐጂ ይማም ቀስ ብለው፣ «አንተ አንድ ነገር ብትሆን፣ ያርቅልህና፣ ማን ነው የሚቀብርህ?»

«ዕድሩ።»

«የቱ ዕድር?»

ኢንጂነሩ በመስኮቱ ወደ ታች ሰፈር አየ። የዕቃ ቤቱ ቆርቆሮ ከዚያ ይታያል። ብዙ ሰው ሞትን አይፈራም፤ ብቻውን መቀበርን ግን ይፈራል፣ ኢንጂነር ቢሆንም።

«ከኋላ እግሯ ተረከዝ ልለካ እችላለሁ» አለ በመጨረሻ። «አንድ እርምጃ ያህል ይቀንሳል። ከጸጉረ ቀዩ ሰውዬ ጋር እኩል ከሆነች ችካሉ አይነቃነቅም። ከዚያ ካለፈች ግን ካሜራም አለ፣ ሰውም ዓይን አለው።»

«ይባርክህ» ብለው መረቁት። ለርኆቦት አልነገሯትም።

አቶ ወንድይፍራው ቤት ሲገቡ ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን ለነገ እያጠፉ ነበር፣ ጥለቱን ወደ ውስጥ። ነገሩን ሰሙና ማጠፋቸውን ሳያቆሙ «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» አሉ። «አንተ ደግሞ መጥረቢያውን አቀበልካቸው።»

«ቤቱን ነው ያዳንኩት፣ አስካለ።»

«ይሁን፣ አንተ ካልክ።»

እሁድ የታች ሰፈር ተራ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ነጭ ለብሶ በምንጣፉ ግራና ቀኝ ተቀመጠ። የበረዶ አስተባባሪዋ በድምፅ ማጉያ እየዞረች «እዚያ ጋ ቀዳዳ አለ፤ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ በረዶው አይሳሳ» ትላለች። አንድ ጥቁር ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ተገኘና ባርኔጣው ተወሰደበት። ከጀርባ የመጡ ቀድሞ የተጨለፉ ሰዎችም ነበሩ፣ ግዴታ የለባቸውም፣ ግን ናፍቋቸው በረዶ ለመሆን በእግራቸው መጥተዋል። አቶ ወንድይፍራውና ወይዘሮ አስካለ ከታች፣ ከማረፊያው ጫፍ አጠገብ ተቀመጡ፤ ከጀርባቸው የራሳቸው ቤት ነው።

እንግዶቹ ዘለሉ። ነፋሱ ጠማማ ስለነበር ሁሉም አጠሩ። ከዚያ ማጉያው የርኆቦትን ስም ጠራ። ከላይ፣ ከጭልፋው አፍ፣ ትንሽ ነጥብ ሆና ወጣች።

ስትንደረደር ድምፅ አልነበራትም። ከመንደርደሪያው ጫፍ ስትለቅ ፊቷን ወደፊት ሰጥታ በአየሩ ላይ ተጋደመች። አቶ ወንድይፍራው ብዙ ጊዜ አይተዋት ያውቃሉ፤ ከሥሯ ተቀምጠው ግን አይተዋት አያውቁም። ጥላዋ በበረዶው ላይ፣ በጎረቤቶቻቸው ነጭ ጭንቅላት ላይ እያለፈ መጣ። ትውረድ ብለው ጸልየው ነበር የመጡት። ጥላዋ ፊታቸው ላይ ሲደርስ «አትውረጂ» የሚል ቃል ከአንደበታቸው ሲወጣ ሰሙት። ሐጂ ይማም ዞር ብለው አዩዋቸውና በረዶ መሆናቸው ትዝ ብሏቸው ፊታቸውን መለሱ።

አረፈች። አንድ እግር ከፊት፣ አንድ እግር ከኋላ፣ ክንዷ እንደ ተዘረጋ። ተንሸራታ ከባዶው መሬት ጫፍ ቆመች።

ያረፈችበት ቦታ ውሃ በጠጣው ምንጣፍ ላይ ለሁሉም ይታይ ነበር። የሰውዬው መስመር ከኋላ ተረከዟ ሥር ነው፣ የፊት እግሯ መስመሩን ተሻግሮ ሄዷል። ኢንጂነር ጌታመሳይ ሜትሩን ይዞ ሄደና ተንበረከከ። ላብ አጥምቆታል። የሜትሩን ጫፍ ከኋላው ተረከዝ ላይ አሳረፈ።

«እኩል» አለ ወደ ማጉያው። «ከቀድሞው ዝላይ ጋር እኩል ነው። የመጀመሪያው ባለበት ይጸናል።»

በረዶው በሙሉ ትንፋሹን ለቀቀ። ቤቱ ተረፈ፣ ዕድሩ ተረፈ፣ ድስቶቹ ተረፉ። አቶ መንበሩ ከጋቢያቸው ሥር የአቶ ወንድይፍራውን ጉልበት ጨበጥ አደረጉ።

ርኆቦት ሸርተቴዋን ፈትታ ሽቅብ ተመለሰች። ካረፈችበት ስትደርስ ቆመች፣ ዱካዋን አየች፣ ሜትሩን አየች። አባቷን ከበረዶው መካከል ፈልጋ አገኘቻቸውና ተመለከተቻቸው። አንድ ቀን፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ የገዛችውን ሙዝ ማን እንደበላባት እያወቀች ልክ እንዲህ አይታቸው ነበር።

«ወንድይፍራው» አሉ ወይዘሮ አስካለ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ «የፊት እግሯ ይታያል እኮ።»

አቶ ወንድይፍራው ዞረው ቤታቸውን አዩ። ጭቃውን ያቦኩት ራሳቸው ናቸው፣ ማገሩን ያሰሩት ከአባታቸው ጋር ነው፣ ርኆቦት የተወለደችው እዚያ ጓዳ ውስጥ ነው። ከግድግዳው ሥር ችካሉ ቆሟል። ከዚያ ተነሱ።

«በረዶ ይቀመጥ» አለች አስተባባሪዋ በማጉያው። «ታች ያለው በረዶ፣ እባክዎ ይቀመጡ።»

አልተቀመጡም። ምንጣፉ እያዳለጣቸው፣ ጋቢያቸውን እየጎተቱ ኢንጂነሩ ጋ ደረሱ።

«በልኩ ለካ» አሉት።

«ጋሼ» አለ ኢንጂነሩ በሹክሹክታ፣ «ቤትዎ።»

«ቤቱን አውቀዋለሁ፣ የሠራሁት እኔ ነኝ። በሁለቱ እግሮች መካከል ለካ።»

«ተስማምተን አልነበረም እንዴ? ዕድሩስ?»

የመለሰው ሌላ ሰው ነው። ሐጂ ይማም በዱላቸው ተደግፈው ቆመው ነበር።

«ልጄ» አሉ፣ ድምፃቸው እስከ ላይ ተሰማ፣ «ስምንት ዓመት ሙሉ ስሙን ለማናውቀው ሰው ስንነሳ ሜትሩ ልክ ነበር። ዛሬ የእኛ ልጅ ስትሆን ነው የሚያጥረው?»

«ወጥ ቤቴን አንድ ጣት ሳትቀንስ ነው የወሰድከው» አሉ አቶ መንበሩ እየተነሱ። ጉልበታቸው ተንቋቋ። «የሷንም አንድ ጣት አትቀንስ።»

በረዶው ተነሳ። መጀመሪያ ከታች፣ ከዚያ ከመሐል፣ በኋላ እስከ ላይ። ከጀርባ የመጡትም ተነሱ። አንዲት አሮጊት እልል አሉ፣ የቀረው ተከተላቸው። ከቆመው ሰው መካከል ሣሩ ታየና ኮረብታው በአንድ ጊዜ አረንጓዴ ሆነ፣ ውድድሩን በስክሪን የሚያስተላልፈው ጋዜጠኛ ምን እንደሚል ጠፍቶት «የበረዶ መቅለጥ እየታየ ነው» አለ።

ኢንጂነሩ ሜትሩን አነሳና በሁለቱ ዱካዎች መካከል አሳረፈ። አቶ ወንድይፍራው ሌላውን ጫፍ ራሳቸው ያዙ፣ እንዳይላላም ወጠር አደረጉት። ርኆቦት እጇን ከእጃቸው ላይ አደረገች። ቁጥሩ ተጠራ። የውርጭ አምባ ሩቅ ዝላይ የርኆቦት ወንድይፍራው ሆነ።

አርክቴክት መክሊት ከአዳራሹ ወርዳ መጥታ የአባትየውን እጅ ጨበጠች። «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ንድፉ አደገ» አለች።

«ልጄም» አሉ አቶ ወንድይፍራው።

ችካሉ የተተከለው ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው፣ እስከ ሰኞ አልተጠበቀም። ኢንጂነር ጌታመሳይ መዶሻ ይዞ ጫማውን ደጅ አውልቆ ገባ። አቶ ወንድይፍራውና ባለቤታቸው አልጋውን በሁለት ወገን ይዘው ፈቀቅ አደረጉለት። ኢንጂነሩ የመሬቱን ወለል ለካ፣ ምልክት አደረገ፣ ችካሉን አቆመና መዶሻውን አነሳ።

«ትንሽ ወደዚህ» አሉ አቶ ወንድይፍራው። «አንድ ጣት ቀንሰህባታል።»

ኢንጂነሩ እንደገና ለካ። እውነትም ቀንሶ ነበር፤ አስቦበት ይሁን እጁ ለምዶበት አልተናገረም። ወደፊት ገፋ አድርጎ መታው።

ዕድሩ ድንኳኑን ከቤቱ አጠገብ ባዶው መሬት ላይ ተከለ። ለደስታ ይሁን ለኀዘን የጠየቀ የለም፤ ድንኳኑ ያው አንድ ነው። ድስቶቹ ወጡ፣ ወንበሮቹ ተደረደሩ። የመጣው ሰው በር ላይ ሲደርስ ትንሽ ያመነታና «እንኳን ደስ ያላችሁ» ይላል፣ አንድ እርምጃ ገብቶ ደግሞ ቤቱን አይቶ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል። አቶ ወንድይፍራው ለሁለቱም ከመቀመጫቸው ብድግ እያሉ «አሜን» ይሉ ነበር። አንዳንዴ ያለቅሱ ነበር፣ ለየትኛው እንደሆነ ግን እሳቸውም አልለዩትም። ወይዘሮ አስካለ ድንጋዩ ላይ ስሙን የሚቀርጸው ሰው ነገ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ መጪውን ሁሉ ይጠይቃሉ።

ሰው ሲሄድ የዕድሩ ዕቃ ቤት ለቤት ተከፋፈለ። አቶ መንበሩ ወንበሮቹን ወሰዱ። ጡሩምባውን ኢንጂነሩ ተረከበ። ድንኳኑ ሲፈታ ወደ ቀጣዩ ቤት፣ ወደ ሐጂ ይማም ግቢ እንዲገባ ተወሰነ።

ሐጂ ይማም ግን በቦታቸው አልነበሩም። አቶ ወንድይፍራውና ርኆቦት ሲፈልጓቸው ከቤቱ በታች አገኟቸው። ከችካሉ እስከ ራሳቸው ደጃፍ ያለውን መሬት በዱላቸው እየለኩ ይራመዳሉ።

«ሐጂ፣ ምነው?» አሉ አቶ ወንድይፍራው።

«ጣራዬን ላድስ አስቤ ነበር» አሉ ሐጂ። ቆም ብለው ርኆቦትን አዩዋት። «ለከርሞ እኔ ጋ ትደርሺያለሽ?»

ርኆቦት ርቀቱን በዓይኗ ለካችው። አልቸኮለችም።

«ነፋሱ ካለ እደርሳለሁ፣ ሐጂ።»

«ኢንሻአላህ» አሉ ሐጂ ይማም። «እንግዲያው ጣራውን ልተወው።»